ገመዱ ላይ የቀረው ሹራብ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ያን ሰሞን ደግሞ የምንጠብቀው የማናውቀውን ቁጥር ነበር።

እህቴ አብነት ሰፈር፣ አንድ ጸጉር ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራ አላጣችም፤ ቤትም አላጣችም፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናታችንና ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰው ለምን አገሩን ጥሎ ይሄዳል ሲባል ችግር ነው ይላሉ፤ እኔም መሥሪያ ቤት ሻይ ስንጠጣ እንዲያ ስል ኖሬያለሁ። በጂቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ፣ በየመን አድርጋ ሳዑዲ ልትገባ መሆኑን ስትነግረኝ ግን ሌላ ነገር ነው ያለችው።

«አንተ መንገዱን ትፈራለህ፤ እኔ የምፈራው እዚህ መቅረቱን ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ምን እንደምሆን አሁኑኑ ይታየኛል እኮ፤ ያው ወንበር፣ ያው መስታወት። የማላውቀው ነገር ይምጣና ልየው።»

«ባሕሩስ?» አልኳት።

«ሰው ይሻገረው የለ እንዴ?»

ተናደድኩባት፤ ሁለት ቀን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሻንጣዋን ተሸክሜ አውቶቡስ ያሳፈርኳት ግን እኔው ነኝ። በዚህ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

እኛ ዘንድ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው እስኪደርስ ድረስ አይወራም። የሚያሻግራት ደላላ አፋችሁን ዝጉ ብሎናል፤ እናቴ ደግሞ የሰው ዓይን ትፈራለች። ስለዚህ ለብሎካችን ሰው እህቴ የትም አልሄደችም። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ የእህቴን ቢጫ ሹራብ አብራ ታጥበውና ግቢው ውስጥ ሁላችንም የምንጋራው ገመድ ላይ፣ ከደረጃው በደንብ የሚታይበት ቦታ መርጣ ታሰጣዋለች። ማንም ያልለበሰውን ንጹሕ ሹራብ ደጋግማ ታሸዋለች።

«እማ፣ ይበቃዋል» ስላት፣ «ዝም በል፣ ሰው ይሰማል» ትለኛለች። ደርሻለሁ ብላ የደወለች ቀን ሹራቡ ከገመዱ ይወርዳል ተባብለናል።

በአሥር ቀን እደውላለሁ ብላ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ ከሜክሲኮ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ስነካካ፣ ስደተኞች የጫነ ጀልባ ሰጠመ የሚል ዜና አየሁ። ስንት ሰው እንደሞተ፣ ከየት እንደሆኑ አይልም። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«ተበላሽቷል» አለችኝ እናቴ። ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጥሏል። ሰምታለች ማለት ነው፤ የነቀለችው እኔ እንዳልሰማ ነው። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ሆንኩ። ጎን ለጎን ተቀምጠን እራታችንን በላን፣ በላን ከተባለ።

ዓርብን በፍርሃት ዋልን። ቅዳሜ እናቴ ሹራቡን አሰጥታ ስትገባ እኔ ግቢ ቀረሁ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሴትዮ ባልዲ ይዘው ወረዱ። ልደታ ማርያም ሳይሳለሙ የማይውሉ፣ ከእናቴ ጋር በየበዓላቸው የሚጠራሩ ሰው ናቸው።

«ይህን ሹራብ አራት ቅዳሜ አየሁት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሌላ ልብስ የላትም?»

ማንም እንዳልሰማ ለማየት ወደ ደረጃው ዞርኩ።

«አይዞህ፣ ከእኔ አይወጣም» አሉና ከባልዲያቸው ቀይ ማሊያ አውጥተው አራገፉ። የልጃቸው ነው። «የኔም ከሄደ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ልብሱ ካልታየ ሰው ይጠይቃል ብዬ ነው።» ማሊያውን ከሹራቡ አጠገብ አሰጡት። «እንግዲህ ቀድሞ የተደወለለት ለሌላው ይንገር፣ እሺ ልጄ?»

«እሺ» አልኳቸው።

ሰኞ ቢሮ ተቀምጬ ሳለ ረጅም ቁጥር ደወለ። ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው አነሣሁት።

«ደርሻለሁ» አለች እህቴ። ባልደረቦቼ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። «ለእማ ንገራት። ደግሞ… የሦስተኛ ፎቁን ልጅ ባሕሩ ዳር አግኝቼው ነበር፤ ደላላችን አንድ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጀልባ ተሻገርኩ፣ እሱ ሁለተኛው ላይ ነበር። ሁለተኛው ሰጠመ።»

«የተረፈ ሰው የለም?»

«የለም።» ስልኩ ተቋረጠ።

እናቴ የእህቴን መድረስ ስነግራት አልሐምዱሊላህ ብላ በግንባሯ ተደፋች። ሌላውን ስነግራት ከተደፋችበት አልተነሣችም። «ማነው የሚያረዳቸው?» አለች በመጨረሻ። ሬሳ በሌለበት፣ በአንድ የስልክ ቃል፣ ማን ሄዶ መርዶ ይነግራል? ነገ እንነግራቸዋለን አልን። በማግስቱም ነገ አልን። ሳምንቱን ሙሉ በራቸው መዘጋቱን ሳላረጋግጥ ደረጃ አልወጣሁም፤ የገደልኩት እኔ ይመስል።

ቅዳሜ ግን ከእናቴ ጋር ስንወርድ ገመዱ ሥር አገኘናቸው። ቀዩን ማሊያ እያሰጡ ነው። የእህቴ ሹራብ እንዳልተሰጣ አይተዋል።

«ደወለች እንዴ?» አሉኝ፤ ፊታቸው በራ።

እሺ ብያቸው ነበር። ማሊያውን አየሁት።

«ገና ነው» አልኩ።

«አይዞን» አሉና በእርጥብ እጃቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

እናቴ ወደ ቤት ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ውኃ የሚንጠባጠብ ቢጫ ሹራብ ይዛ ወረደችና ከማሊያው አጠገብ አሰጣችው።