ማላኪ ያልጠየቀው መስክ

ማላኪ ተብሪዲ በምዕራብ ክሌር ረግረግ ላይ ሃያ ሁለት ላሞች ያረባ ነበር። በገዛ መሬቱ ላይ ቤት የሚያቆም ደረቅ ቦታ አልነበረውም፤ ደረቁ መስክ ከአጥሩ ማዶ የሽማግሌው የኮንሲዳይን ነበር። ማላኪ የሽማግሌው ከብቶች በገዛ መሬቱ ላይ እንዲያልፉ ስለፈቀደ፣ ሽማግሌው አንድ ወረቀት ፈርሞ ሰጥቶታል፦ መስኩ የሚሸጥ ከሆነ ለሌላ ከመሸጡ በፊት ማላኪ ይጠየቃል። ማላኪም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው፤ ልጁ ኡና አንድ ቀን ከነባሏ ከማንችስተር ተመልሳ እዚያ ላይ ቤቷን ትሠራለች ብሎ።

ሚስቱ ዴሊያ በየካቲት ሞተች። በሚያዝያ የኮንሲዳይን ወራሽ፣ ደብሊን የሚኖረው የወንድሙ ልጅ፣ ማላኪን ሳይጠይቅ መስኩን ለመንደሩ ሰው ለፊንታን ሊሊስ ሸጠው። ማላኪ ወሬውን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሰማ። ወረቀቱ ትዝ ብሎታል። ግን በዚያ ሰሞን ተነስቶ እሳት ማንደድ እንኳ የሚከብደው ሰው ነበር።

በዚያው ሳምንት ፊንታን ራሱ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«መስኩን ገዛሁት ማላኪ። ቅር የሚልህ ነገር አለ?»

የዴሊያን የሬሳ ሣጥን በራስጌ በኩል ከተሸከሙት አንዱ ፊንታን ነበር።

«ምን ቅር ይለኛል? እግዚአብሔር ይባርክልህ።»

በግንቦት ለፊንታን ቤት ሥራ ደቦ ተጠራ። በዚያ አገር ደቦ ተጠርቶ የቀረ ሰው፣ ድርቆሹ በዝናብ ሲበሰብስ የሚደርስለት የለም። ማላኪ ትራክተሩን ይዞ ሄደ። የቤቱን መሠረት ችካል የቸከለው እሱ ነው።

«ከፍ አድርገው» አለው ፊንታንን። «እታች በክረምት ውሃ ይቋጥራል።»

«ይሄን ሁሉ እያወቅህ አንተ ለምን አልገዛኸውም?» አለ አንዱ።

«ላሞቹ አልፈቀዱልኝም።»

ሁሉም ሳቁ።

ነሐሴ ላይ ኡና ለዕረፍት መጥታ የእናቷን ልብስ ስታጣጥፍ ወረቀቱን አገኘች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? እኔ እዚያ ማንችስተር አገር ቤት እንመለስ እያልኩ ከባሌ ጋር ስጨቃጨቅ፣ አንተ ይሄን መሳቢያ ውስጥ ከተህ የሰው ቤት መሠረት ትቆፍራለህ?»

በማግስቱ ከተማ ጠበቃ ዘንድ ወሰደችው።

ጠበቃዋ ወይዘሪት ጋሪሂ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ወረቀቱ ደህና ነው» አለች። «ችግሩ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ተብሪዲ። መብቱን እያወቀ ዝም ያለ፣ ሌላው አምኖት ገንዘቡንና ጉልበቱን ሲያፈስ ቆሞ ያየ ሰው፣ ኋላ ተመልሶ የእኔ ነበር ቢል ዳኛ አይሰማውም። ለመሆኑ ፊንታን ቅር ይልዎት እንደሆነ ጠይቆዎት ነበር?»

ማላኪ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው።

«ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ አይደል?» አለች ኡና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «አልጠየቀኝም በል። በቃ።»

«ጠይቆኛል» አለ ማላኪ። «መርቄዋለሁም። ችካሉንም የቸከልኩት እኔ ነኝ።»

ጠበቃዋ ብዕሯን ከደነች።

ሲመለሱ ኡና በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«እማዬ ብትኖር እሷ ይሄን አታደርግም ነበር።»

«እናትሽ ብትኖር እኔም አላደርገውም ነበር።»

ቅዳሜ ወደ ማንችስተር ተሳፈረች። እሑድ ማላኪ በረት ውስጥ ላም ሲያልብ ፊንታን መጣ።

«ጠበቃ ዘንድ ሄዷል አሉኝ። በመካከላችን ምን አለ?»

«ወረቀት ነበረኝ። መስኩ መጀመሪያ ለእኔ መቅረብ ነበረበት።»

ፊንታን ፊቱ አመድ መሰለ። «ቤትህ ድረስ መጥቼ ጠየቅሁህ እኮ!»

«ጠየቅኸኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን አድርግ ትለኛለህ? የጣሪያው እንጨት ሐሙስ ይገባል።»

«ቤትህን ክደን።»

ፊንታን አልሄደም። ማላኪም ቀና ብሎ አላየውም፤ ማለቡን ቀጠለ።

«እኔ ራሴ ለኡና ላስረዳት…» ብሎ ጀመረ ፊንታን።

«ሄዳለች» አለ ማላኪ።