ሰማንያ አራቱ የእድር ኩባያዎች

ቦልቴ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ የሠራ፣ መቁጠር የሚወድ ሰው ነው። ሶዶ ውስጥ ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለው ሰፈር የእድሩ ሊቀመንበር አድርጎ ከመረጠው አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት የእድሩ ዕቃ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ድንኳን አንድ፣ አግዳሚ ወንበር ሃያ ስድስት፣ ብረት ድስት አምስት፣ የብረት ኩባያ ሰማንያ አራት።

ከኩባያዎቹ ሁለቱ ከሥራቸው ቀይ ነጥብ ነበረባቸው። ነጥቡን ያደረገባቸው ራሱ ቦልቴ ነው፤ በተመረጠ በመጀመሪያው ሳምንት የሚስቱን የምሕረትን የጥፍር ቀለም ተበድሮ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ በጥንቃቄ አንድ አንድ ነጥብ ጣለባቸው። አንዱ የሶሲ፣ አንዱ የባሏ የደገፉ ነው። ሶሲ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም፣ አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አገሩ ደግሞ ሸክላ ሠሪ በጠጣበት አይጠጣም፤ አብሯቸው አይበላም፤ ልጁንም አይድርላቸውም። ለምን እንደሆነ አባቶች አልተናገሩም፣ ልጆችም አልጠየቁም። ሰፈሩ እነሱን የሚጠራበት ሌላ ስም አለ፤ እዚህ መጻፉ ግን ደግ አይደለም።

የእድሩ ደንብ "አባል ሁሉ እኩል ነው" ይላል። ስለዚህ ሶሲ እኩል ታዋጣለች፣ እኩል ታለቅሳለች፤ ከዚያ ከድንኳኑ ዳር፣ ገመዱ ከታሰረበት ካስማ አጠገብ ትቀመጣለች። ለለቅሶ ውሃ የሚቀመጥበት ትልቁ እንስራ የእሷ የእጅ ሥራ ነው። እንስራውን ማንም ተጸይፎት አያውቅም።

ባለፈው ነሐሴ የቦልቴ እናት በዘጠና አንድ ዓመታቸው አረፉ። እኚህ ሴት የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው፤ በደጃቸው የሚያልፍ ሰው ውሃ ሳይጠጣ አያልፍም። ቆጣሪ አንባቢው፣ የቀበሌው መልእክተኛ፣ መንገድ የጠፋው ባጃጅ ነጂ፣ ሁሉም ይጠጣል። ሶሲንም አይከለክሏትም ነበር፤ የእንሰት ቅጠል አጥፈው በእሱ ያጠጧት ነበር። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የቦልቴን እጅ ይዘው፣ "በለቅሶዬ ቀን ጉሮሮው ደርቆ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር" አሉት። እሱም ቃል ገባ።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ከቦዲቲ የእናቱ ወገኖች ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ደወሉ። ምሕረት አማቷን ከእናቷ አስበልጣ ትወድ ስለነበር ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ጥግ ተቀምጣ ኩባያዎቹን በፈላ ውሃ፣ በአመድና በሽቦ መፋቂያ ፈተገቻቸው። ሲያልቅ እንደ መስታወት ፊት ያሳዩ ነበር።

ቦልቴ እንደ ልማዱ ሊቆጥር መጣ። ሰማንያ አራት ናቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እየገለበጠ አየ። ደግሞ ገለበጠ።

"ምሕረት፣ ነጥቡስ?"

"የምን ነጥብ?"

"ቀዩ!"

ምሕረት ጣቶቿን አየች። "እኔ ደግሞ ዝገት መስሎኝ ነበር" አለች።

ወዲያው የእድሩ ሽማግሌዎች እዚያው ተሰበሰቡ። ከሁሉ የሚከበሩት ጋሽ ጦና ከዘራቸውን ተደግፈው ኩባያዎቹን እንደ እባብ ከሩቅ አዩዋቸው። ጸሐፊው ይስሐቅ የሒሳብ መምህርና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ የቃለ ጉባኤውን ደብተር ከፈተ።

"በጌታ ፊት ሁላችን አንድ ነን" አለ ይስሐቅ። "ይሁንና ኩባያውን መለየት ጥሩ ነው።"

"ከጎረቤት እድር እንዋስ" አለ ቦልቴ።

"የእነሱም ዛሬ ለቅሶ ላይ ነው። እኛ ቤት ያለው ደግሞ ዘጠኝ ብቻ ነው" አለች ምሕረት።

ይስሐቅ ደብተሩ ጠርዝ ላይ ሒሳብ ሠራ። "ተረጋጉ። ሁለት ለሰማንያ አራት ሲካፈል፣ ከአርባ ሁለት ሰው የሚጎዳው አንድ ብቻ ነው።"

"ምን ሆኖ ነው የሚጎዳው?" አለች ምሕረት።

ይስሐቅ ጥያቄውን ሊጽፈው ጀመረና ተወው።

"በከንቱ አንድከም" አሉ በመጨረሻ ጋሽ ጦና። "ባለቤቷ ትጠራ። ሰው የራሱን ኩባያ ያጣዋል?"

ሶሲ ከካስማው አጠገብ ተነሥታ መጣች። ሐምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ወፋፍራም፣ የጥፍሮቿ ጠርዝ ሁልጊዜ ጭቃ የያዘ፣ ዓይኖቿ በዚያ ቀን በልቅሶ ያበጡ ነበሩ። ነገሩን ሲነግሯት ኩባያዎቹን ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

"በዓይኔ አላውቀውም" አለች። "ከንፈሬ ግን አይስተውም። ትንሽ ትንሽ ውሃ አድርጉልኝና ልሞክረው።"

"የደገፉንስ? እሱ ወደ ቢጠና ገበያ ገንቦ ሊሸጥ ሄዷል" አለ ይስሐቅ።

"የባሌን ከንፈር ካላወቅሁማ ምኑን ተጋባን?"

ምሕረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ጦና ግን በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማስረጃው በቂ ሆኖ አገኙት።

ቦልቴ ከእንስራው እየቀዳ ያቀርባል፣ ሶሲ ትቀምሳለች፣ ይስሐቅ ይጽፋል። "አንደኛ፣ አይደለም። ሁለተኛ፣ አይደለም።" አንዳንዱን አፏ ውስጥ ታቆየዋለች፣ አንዳንዱን ከንፈሯ ላይ ታዞረዋለች። አሥራ አንደኛውን ሁለት ጊዜ ቀመሰችው፤ ጋሽ ጦና ትንፋሻቸውን ያዙ። "መስሎኝ ነበር። አይደለም።" አይደለም የተባለው ሁሉ በግራ በኩል፣ ንጹሕ ከተባሉት ጋር ይደረደራል።

ሃያ ሦስተኛው ላይ የቦልቴ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ገቢና ወጪ ዕቃ የመዘገበ ሰው ነው፤ በግራ በኩል የተደረደሩትን አየ፣ የሶሲን እርጥብ ከንፈር አየ። ገባው። ንጹሕ የተባሉት ሁሉ አሁን የጠጣችባቸው ናቸው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሶሲ አልሳቀችም፣ አላፈረችም። የምትጠብቅ ብቻ ትመስል ነበር።

አሁን "በቃ" ቢል ስልሳ አንድ ኩባያ ይተርፋል። ከቦዲቲ ለሚመጡትም ይበቃል። የተደበቁት ሁለቱ ገና ካልተቀመሱት ውስጥ ቢሆኑም የሚያውቅ የለም። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው። ከዚያ እናቱ የእንሰት ቅጠል ሲያጥፉ ታየው፤ ቅጠሉ ከታች ያፈስ ነበር፤ ሶሲ ሳያልቅባት ለመጠጣት ትቻኮል ነበር። እንደዚያ የጠጣችው ሴት ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር የምትመለሰው ወይስ ረክታ? ይኼን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ሃያ አራተኛውን ቀዳ። አፉ ድረስ ሞላው።

"ቀጥዪ፣ ሶሲ" አላት።

ሰማንያ አራተኛው ሲደርስ ሶሲ ግማሹን ጠጥታ፣ "አላገኘሁትም፤ የደገፉንም" አለች።

"እሰይ!" አሉ ጋሽ ጦና። "እንግዲያው ሁሉም ንጹሕ ነው!"

የይስሐቅ ብዕር ቆመ። "ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "ሁሉንም እኮ ጠጣችባቸው።"

ጋሽ ጦና ወደ ግራ አዩ፤ በቀኝ ምንም የቀረ አልነበረም። ይኼኔ ከመንገዱ የሚኒባስ ጡሩምባ ተሰማ። የቦዲቲ ሰዎች ደርሰዋል።

ቦልቴ ከሶሲ እጅ ሰማንያ አራተኛውን ተቀበለና የተረፈውን ጠጣ። እስከ መጨረሻው። ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ይመለከቱት ጀመር። ጋሽ ጦና ቀረብ ብለው ፊቱን መረመሩት።

"ምን ምን ይላል?"

"ውሃ ውሃ ይላል። ትንሽ አመድ አለበት።"

"አመዱስ የእኔ ጥፋት ነው" አለች ምሕረት፤ እሷም አንዱን አንሥታ ጠጣች። ይስሐቅ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጨነቀው። ቦልቴ፣ "ኩባያ ሰማንያ አራት፣ የአባላት፣ ብለህ ጻፍ" አለው። ጋሽ ጦና ደግሞ ሲከራከሩ ስለዋሉ ጉሮሯቸው ደርቆ ነበር፤ ኩባያውን እንዳይነኩ በመዳፋቸው ቀጥታ ከሶሲ እንስራ ጨልፈው ጠጡ።

ሶሲ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ተጨንቋል።

"አቶ ቦልቴ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰማንያ አራት ኩባያ ውሃ... ወደ ውጭ የሚወጣበት የት ነው?"

የግቢውን መተላለፊያ ድንኳኑ ዘግቶታል። ሽንት ቤቱ ወዳለበት ጓሮ የሚያስወጣው መንገድ በሳሎኑ፣ ከዚያም በእናቱ መኝታ ክፍል በኩል ብቻ ነው። በዚያ ቤት የሶሲ ወገን ከደፉ አልፎ ገብቶ አያውቅም። እሷም ደፉ ላይ ቆማ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች።

"ተይው፤ ግቢ፣ ቶሎ ግቢ!" አላት ቦልቴ፤ ክንዷን ይዞ አሳለፋት።

ስትመለስ በፊት ለፊቱ በር ላይ በጆግ ውሃ ይዞ ጠበቃት። ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ ያስታጥባት ጀመር። የቦዲቲ ሰዎች ዋይ እያሉ ወደ ግቢው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ይኼን ነበር፤ ባለ ለቅሶው በበሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኖቿ ያበጡ ሴት ከውስጥ ወጥታ ሲያስታጥባት። አልተጠራጠሩም። መሪያቸው የሆኑት አሮጊት የሶሲ አንገት ላይ ተጠመጠሙ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

"ልጄን! እናትሽን አጣሽ! ጌታ ያጽናሽ!"

ሶሲ መጀመሪያ እጇን ለማድረቅ ታገለች። ከዚያ ተወችውና ጮክ ብላ አለቀሰች።

አሮጊቷ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ቦልቴ ዞሩ። "ይቅር በለኝ ልጄ፣ እርጅና ነው፤ ይቺ ታላቅህ ናት?"

ጋሽ ጦና ከዘራቸውን አነሡ። ይስሐቅ ደብተሩን ከደነ። ቦልቴ የራሱን ዕድሜ ከሶሲ ዕድሜ ጋር በልቡ አሰላ፤ ስሕተት አይወድም።

"የለም" አለ። "በሦስት ዓመት ታናሼ ናት።"