ጋሼ ልክነኝ ሲሰረዙ

የፊዚክሷ መምህርት ትምህርቶቿን የምትቀዳው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ቀልድ አይደለም። ከአባቷ ጋር የምትኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ የአንደኛው መስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ይከፈታል፣ የሌላኛው ደግሞ የጎረቤት የውሃ ሞተር ላይ ያፈጣል። ጸጥታ የሚገኘው ካፖርቶቹ በተሰቀሉበት ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፗን አቅፋ ትገባና በሩን ከውስጥ ስባ ትዘጋለች። አባቷ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ "የሰው ልጅ ሲያጠፋ ነው የሚዘጋበት፤ የእኔዋ ምንም ሳታጠፋ ራሷ ላይ ትዘጋለች" እያሉ ይስቁባታል።

ከዚያ ሣጥን የሚወጣው ትምህርት ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሥዕሉን ራሷ በማውስ እየጎተተች ትሥላለች፣ ድምፁን ትቀዳለች፣ የማይገባ ነገር ካለ አፍርሳ እንደ አዲስ ትሠራለች። መምህራኑ "ወይዘሪት ስላይድ" የሚል ስም አወጡላት። ፊት ለፊቷ ይቀልዱባትና ፈተና ሲቃረብ ፍላሽ ይዘው በሯ ላይ ይሰለፋሉ። እሷም አትሰስትም። በእያንዳንዱ ትምህርት መጨረሻ ላይ "ውሰዱ፣ አባዙ፣ ለክፍላችሁ እንዲስማማ አድርጋችሁ ለውጡ፤ ስሜን ብቻ አትርሱ" ብላ ትጽፋለች።

ወሰዱ፣ አባዙ፣ ለወጡ። ስሟን ረሱ። አንድ ጊዜማ የገዛ ትምህርቷን የሌላ መምህር ፎቶ ተለጥፎበት አየችው፤ ሰውየው ክራባት አስሮ ፈገግ ብሏል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ ነገሩ ንቀት ነው። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ትሰማለች፣ የእሷ ስም የሚውልበት ቦታ ቢኖር እነዚያ ትምህርቶች ብቻ ነበሩ። ሌላ የምትተወው ነገር አልነበራትም።

አሁን ስለ ጋሼ ልክነኝ ማውራት ግድ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሳቸው ነውና። ጋሼ ልክነኝ ባርኔጣ የደፉ፣ ጢማቸው የተንዠረገገ፣ ጣታቸውን የቀሰሩ ሽማግሌ ሥዕል ናቸው። በየትምህርቱ መሃል ብቅ ይሉና አንድ የተሳሳተ ነገር በሙሉ ልብ ይናገራሉ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ "ተሳስተዋል ጋሼ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ከዚያ ስህተቱን በሙከራ ያረጋግጣሉ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው "እሺ፣ ተረታሁ" ይላሉ። የመምህርቷ እምነት ይህ ነበር፦ ልጅ እውነቱ ስለተነገረው ብቻ የያዘውን የተሳሳተ ሐሳብ አይለቅም፤ ታግሎ መጣል አለበት። ክፍሏን ያየ ደግሞ ሊከራከራት አይችልም ነበር።

የጋሼ መልክም ድምፅም የአባቷ ነው። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያማረሩ ሣጥኑ ውስጥ ከእሷ ጋር ይታጨቁና ወረቀቱን ያነቡላታል። ችግሩ፣ የሚያነቡትን ማመናቸው ነው።

"ከባድና ቀላል ነገር ከላይ አንድ ላይ ቢለቀቁ፣ ከባዱ ቀድሞ መሬት ይደርሳል" ብለው ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን አስቀመጡ። "ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ስህተቱ?"

"አባባ፣ አብረው ነው የሚደርሱት። ነፋስ ካልያዘው በቀር።"

"ዕድሜ ልኬን ጭነት ሳወርድ የኖርኩትን ሰውዬ ታስተምሪኛለሽ?"

የቤቱን ቁልፍ ጥቅልና አንድ እርሳስ ከጠረጴዛው ላይ እኩል ለቀቀችላቸው። አብረው ወለሉን መቱ። አባቷ ጎንበስ ብለው አዩ። "ጠረጴዛሽ አጭር ነው" አሉ።

"ልጆቹ እኮ ይስቁብዎታል።"

"ይሳቁ። አንድ ቀን ይገባቸዋል።"

የትምህርት ቢሮው ሰው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከሦስት ቃሉ አንዱ "ጥራት" ስለሆነ መምህራኑ አቶ ጥራት ብለውታል። ትምህርቶቿን ሰብስቦ፣ አሰማምሮ፣ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ ሊያዳርስ ፈለገ። መምህርቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ስሟን። "ስምሽማ በትልቁ ነው እህቴ!" አላት።

እውነትም ቃሉን ጠበቀ። የተሰማመረው ትምህርት ሲወጣ ስሟ ከየገጹ ግርጌ ተጽፎ ነበር። ለአባቷ አሳየቻቸው፤ መነጽራቸውን ፈልገው ጮክ ብለው አነበቡት። እሷም የመጀመሪያውን ገጽ አየች፣ ስሟን አየች፣ ዘጋችው። የገዛ ሥራዋን፣ በቃሏ የምታውቀውን፣ ምን ብላ መልሳ ታየዋለች? ጥፋት ከተባለ የእሷ ጥፋት ይህ ብቻ ነበር።

ያው እሷ ክፍል ውስጥ የምታስተምረው በራሷ በድሮው ነው። አንድ ቀን ጋሼ ልክነኝ ጣታቸውን ቀስረው ከባዱ ቀድሞ ይደርሳል ሲሉ ክፍሉ እንደ ልማዱ "ተሳስተዋል ጋሼ!" ብሎ ተናጋ። ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች አንዲት ልጅ ብቻ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

"ምነው አንቺ አትስማሚም?"

"ቲቸር፣ ልክ ናቸው እኮ። እኛ እንደዛ ነው የተማርነው።"

"ማነው ያስተማረሽ?"

ልጅቷ ግራ ገባት። "እርስዎ ነዎት። ስምዎ ታች ተጽፏል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ አልሳቀችም። ከክፍል እንደወጣች መምህራን ማረፊያ ገብታ የቢሮውን ትምህርት ከፈተችው። ሰማያዊ መደብ፣ የተወለወለ ሥዕል፣ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ማስታወቂያ ያለ የሴት ድምፅ። ጋሼ ልክነኝ የሉም። ሙከራው የለም። የመጨረሻው ገጽ የለም። የጋሼ ዓረፍተ ነገር ግን አለ፤ በቢጫ ሣጥን ውስጥ፣ "ልብ በሉ!" ከሚል ርዕስ ሥር ተቀምጧል። ሌላውን ትምህርት ከፈተች። እዚያም አለ። ቀጣዩም እንደዚያው። ሽማግሌው በዕድሜያቸው የተሳሳቱት ሁሉ በዚያ ድምፅ እየተነበበ፣ ከግርጌው የእሷ ስም ተጽፏል።

በማግስቱ ቢሮ ሄደች።

"ካርቱኑ ጥራት ይቀንሳል እህቴ" አላት አቶ ጥራት፣ ወንበር እየሳበላት። "ገጹም በዝቶ ነበር። ጽሑፉን ግን አንዲት ቃል አልነካንም፤ ለሥራሽ ካለን ክብር የተነሳ!"

"ስህተት መሆኑ የሚታወቀው እኮ በሽማግሌው ነው! እሳቸውን አውጥታችሁ ንግግራቸውን ታስቀራላችሁ?"

"ስህተት መሆኑን ካወቅሽ ታዲያ ለምን ጻፍሽው?"

ያስረዳችውን መልሳ አስረዳችው። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ከዚያ "አሁን ፈተና ደርሷል፣ ከፈተና በኋላ እናርመዋለን" ብሎ እስከ ደረጃው ሸኛት።

ፈተናው ደረሰ። ከላይ ስለሚለቀቁ ሁለት ኳሶች አንድ ጥያቄ ነበረው፤ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ልጆች በቢጫው ሣጥን እንደተማሩት መለሱ። ወላጆች ጮኹ። ማነው ይህን ያስተማረው ሲባል መልሱን ለማግኘት መድከም አላስፈለገም፣ ከየገጹ ግርጌ በትልቁ ተጽፏል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ትናንት ፍላሽ ይዞ ደጇን የሚጠናው የኬሚስትሪ መምህር እንኳን፣ ማረፊያው ውስጥ እሷ እየሰማች፣ "እኔ የሷን ተጠቅሜ አላውቅም" አለ። ቀና ብላ አየችው። ማስታወሻውን አገላበጠ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። አቶ ጥራት ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጧል። እሷ የድሮውን ትምህርት ከፍታ አሳየች፤ የአባቷ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ለቅጽበት ያህል ተስፋ አደረገች፤ ከሳቁ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። "አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልን። ሐሰት መሆኑን እያወቁ፣ በገዛ እጅዎ ትምህርት ውስጥ አስገብተዋል ወይስ አላስገቡም?"

"አስገብቻለሁ፤ ግን ልጆቹ እንዲ..."

"ይመዝገብ።"

ተመዘገበ። ከእንግዲህ ትምህርት እንዳታዘጋጅ ተወሰነ፤ በጠመኔ ብቻ ታስተምር። ቢሮውም ትምህርቶቹን በአስቸኳይ አርሞ እንደገና እንዲያወጣ ታዘዘ። እሷ ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ ሌላው ቀለላት። እኔን ይጣሉኝ፣ ልጆቹ እውነቱን ይወቁ እንጂ አለች፤ ከልቧም ነበር።

የታረመው የወጣ ቀን ቅዳሜ ነበር። ከልማድ የተነሳ ሣጥኑን ከፍታ ካፖርቶቹን አየችና መልሳ ዘጋችው። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አባቷም ወንበራቸውን አስጠግተው አጠገቧ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ግርጌውን አየች። ስሟ የለም። ቀጣዩ ገጽም ላይ የለም። በሁሉም ገጽ የስሟ ቦታ ንጹሕ ሆኗል። ቢሆንም ቀጠለች። መሃል ላይ ስትደርስ ቢጫው ሣጥን እንዳለ ነው። ያቺ ሴት በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበችው፦ ከባዱ ቀድሞ መሬት ይደርሳል። ልብ በሉ።

አባቷ ብድግ አሉ። "ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ!"

"አዎ፣ አባባ።"

"ስምሽስ የታል?"

"አወጡት። ያረሙት እሱን ነው።"

ሽማግሌው አዘኑ፤ ለእሷ ሲያዝኑ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። ስክሪኑ ላይ ግን ዓይናቸው አልተነቀለም፤ ሴትዮዋ "ልብ በሉ" ስትል ጢማቸው ሥር ፈገግታ ሾልኮ ወጣ፤ ሊይዙት ሞከሩ፣ አልቻሉም።

"አየሽ ልጄ" አሉ በቀስታ፣ ሊያጽናኗት። "ብዬሽ ነበር እኮ። ገባቸው።"