የገበያ ቀን ስልክ

የኔታ ወልደ ጻድቅ ስልክ ሲያወሩ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ዓይናቸውን ጨፍነው "ሃሎ!" ሲሉ ከአጥሩ ማዶ የሚግጡት በጎች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። ሰውን ሁሉ ሲቆጡ የኖሩ ሰው ስልኩንስ ለምን ይምሩት?

መንደራቸው ከመሐል ሜዳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ልጆች አስተምረዋል። ወደ ትምህርት ቤታቸው የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጫጫታ ነው፤ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው አቡጊዳ ይላል፣ ትልልቆቹ ዳዊት ይደግማሉ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሁሉም ጮክ ብለው። የኔታ በዚያ ሁሉ መሀል በርኖሳቸውን ተከናንበው ያንቀላፉ ይመስላሉ። አንዱ ልጅ አንዲት ቃል ሲስት ግን ስሙን ጠርተው "ተመለስ!" ይላሉ። በዚህ ችሎታቸው ቢኮሩ አይፈረድባቸውም።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሦስተኛው ትውልድ የሚሉት የስልክ መስመር መሐል ሜዳ በገባ ሰሞን፣ አንድ ነገር ዕረፍት ነሣቸው። ልጃቸው አመተሥላሴ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ትሠራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሳታስፈቅዳቸው ነበር የሄደችው፤ እሳቸውም "እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ" ብለው ፊታቸውን አዙረው ቀሩ። አሁን ለዳግም ትንሣኤ ልትዳር መሆኑን ከጎረቤታቸው ከጠጄ ሰምተዋል። ከራሷ አፍ ግን አልሰሙም። የራሷ ስልክ የላትም፤ በዕረፍት ቀኗ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ነው የምትደውለው፣ ያ ቀን ደግሞ የመሐል ሜዳ ገበያ ቀን ነው። "አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ..." ብላ ስትጀምር ድምፅዋ ይቆራረጥና ይጠፋል። አምስት ገበያ እንዲሁ አለፈ።

"ዘጋችብኝ" ይሉ ነበር የኔታ ለጠጄ። "ንቃኝ ነው። በአፏ ካልጠራችኝ ደግሞ አልሄድም!" ጠጄም እንዳልሰማች ሆና ታልፋለች።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመሐል ሜዳን የስልክ ማማ የምትጠግነው ጥሩሸዋ በዚያ ስታልፍ የበልግ ዝናብ ያዛትና ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተጠለለች። የኔታ ሥራዋን ሲሰሙ ልጆቹን ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

"አንቺ ነሽ በይኛ ልጄን የምታቋርጪብኝ!"

ጥሩሸዋ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። "ሁልጊዜ በገበያ ቀን ነው የኔታ?"

"በገበያ ቀን ነው። በሌላው ቀንማ ጠጄ በዚሁ ስልኬ ከእህቷ ጋር ወሬዋን ስትቀድ ነው የምትውለው።"

"እንግዲያው ልጅዎ አልዘጋችም። ማማው እኮ እንደ እርስዎ ነው።"

"እንደ እኔ?"

"አዎ። ገበያተኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ፣ ባንድ አየር ላይ ነው የሚያወራው፤ ተራ የለም። ግን ለያንዳንዱ ስልክ የራሱ ምልክት ይሰጠዋል። ማማው በምልክቱ የአንዱን ድምፅ ከሌላው ይለያል፣ እርስዎ ዳዊት ደጋሚውን ካቡጊዳው እንደሚለዩት።"

"እህ! ሊቅ ነዋ!" አሉ የኔታ፣ ደስ ብሏቸው።

"ጽሑፍና ፎቶም በዚያው ነው የሚሄደው። እሱ ይቆራረስና በየቁራጩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መንገድ ላይ የጠፋው እንደገና ይላካል፣ ቢዘገይም ግድ የለም። የሰው ድምፅ ግን አይጠብቅም፤ ያመለጠች ቃል አመለጠች።"

"ታዲያ የኔን ልጅ ድምፅ ምን ዋጠው?"

"ጫጫታው። ሰው ሲበዛ ያንዱ ድምፅ ለሌላው ጫጫታ ይሆናል። ማማው ቅርብ ያለውን ስልክ 'ዝቅ በል' ይለዋል፣ ሩቅ ያለውን 'በርታ' ይለዋል። እርስዎ ግን ከዳር ነዎት፤ በገበያ ቀን ስልክዎ ያለ የሌለ አቅሙን ቢጨርስም አይሰማም።"

የኔታ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። "እኔስ ሁሉንም እሰማለሁ።"

"ከበሩ አጠገብ ያሉትንም?" አለች ጥሩሸዋ፣ ለጨዋታ ያህል።

የኔታ ወደ በሩ ዞሩ። እዚያ፣ ከወንዶቹ ጀርባ፣ ሦስት ልጃገረዶች ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም። አመተሥላሴም የምትቀመጠው እዚያ ነበር። ዳዊት መድገሟን የሰሙት ከሰው ነው፤ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ "ተመለሽ" ብለዋት አያውቁም። ያን ጊዜ ስለማትሳሳት ነው ብለው ነበር። ለካ አልሰሟትም ነበር።

"ምን ይሻለኛል ታዲያ?" አሉ ዝግ ብለው።

"ወደ ማማው ይቅረቡ፤ ከዚያ በኋላ መጮህም አያስፈልግዎትም።"

የኔታ በማግስቱ ሦስቱን ልጃገረዶች አምጥተው እግራቸው ሥር አስቀመጧቸው። የገበያው ቀን ሲደርስ ደግሞ፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ገና በማለዳ ተነሡ። ሱፍና ገብስ የጫነውን ገበያተኛ ተከትለው መሐል ሜዳ ገቡ፤ ማማው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ስልኩ ሲጮህ እንደ ልማዳቸው ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ጥሩሸዋ ያለችው ትዝ አላቸው።

"አቤት ልጄ" አሉ በለሆሳስ።

"አባባ? ምነው ድምፅዎ? አመመዎት እንዴ?"

"ደኅና ነኝ። ቀርቤ ነው።"

"የት ነው የቀረቡት?"

"አንቺ ተናገሪ። ዛሬ እሰማለሁ።"

አመተሥላሴ አምስት ገበያ ስትጀምረው የቆየችውን ነገር፣ እያለቀሰችም ቢሆን፣ እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ መጥተው እንዲመርቋት ለመነቻቸው። የኔታ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም። "እመጣለሁ" አሏት። ጥቂት ቆይተው "እስኪ ድገሚው" አሏት፤ ሳይሰሙ ቀርተው ግን አልነበረም።