አባቴና የመሥሪያ ቤታችን እብነ በረድ

ያንን እብነ በረድ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ነፋስ ስልክ፣ አንድ አሮጌ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ የተሾሙት ሥራ አስኪያጃችን ከሁሉም በፊት የጠሉት የሕንፃውን መግቢያ ነው። ወለሉ ባለ ጠጠር ሲሚንቶ ነበር፤ የስንቱን ጭቃ ችሎ የኖረ። ግድግዳውን ተጠግቶ ደግሞ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነበር። «ይኼ መሥሪያ ቤት ነው ወይስ አውቶቡስ ተራ?» አሉ።

ክረምቱን ሙሉ ወለሉ ሲፈነቀል፣ ነጩ እብነ በረድ ሲቆረጥ አቧራ ስንቅም ከረምን። አግዳሚው ወጥቶ ተጣለ። በምትኩ ማንም የማይቀመጥባቸው ሁለት የቆዳ ሶፋዎችና የፕላስቲክ አበባ መጡ። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ ግን ያው ረግረግ ነው። አንድ ገልባጭ ጠጠር ያሰበለት የለም! ውስጡን መስታወት አስመስለው፣ ውጪውን ማጥ ትተው፣ ጭቃ ይዞ በገባ ሰው ላይ ይጮኻሉ።

አባቴ ከከተማው ዳር፣ ለቡ ገበሬ ነበር። በቆሎ ሲደርስ እሸት በማዳበሪያ ከረጢት ይዞልኝ ይመጣና፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ከጥበቃው ጋር ስለ ዝናቡ ያወራ ነበር።

እድሳቱ ባለቀ ሰሞን፣ ጳጉሜን ላይ፣ ጥበቃው «አባትሽ መጥተዋል፣ ውረጂ» ብሎ ደወለልኝ። ስወርድ አባቴ መሀል አዳራሹ ላይ በባዶ እግሩ ቆሟል። የጎማ ቦቲውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፉ ላይ አውልቆታል። ማንም አላዘዘውም፤ ወለሉ ሲያበራ አይቶ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ መስሎት ነው። ጣቶቹ ከቅዝቃዜው ተኮራምተዋል። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ሥር ቆመው ይስቃሉ።

«እሰይ! ባለጉዳይ ማለት እንዲህ ነው» አሉት ጥበቃውን። «ሁሉም እንደ እሳቸው ቢያወልቅ ምን አለበት?»

ነደደኝ። ሶፋው ባዶውን ተገትሮ ሽማግሌ ቆሞ ይሳቅበታል? ቦቲውን አምጥቼ፣ እግሩ ሥር ተንበርክኬ አጠለቅሁለት።

«አባዬ፣ ይኼ ቤተ ክርስቲያን አይደለም! ቢሮ ነው!» አልኩት፣ ሥራ አስኪያጁ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። እጁን ይዤ ወደ ሶፋው ወሰድኩት። ጭቃው በነጩ ወለል ላይ እየታተመ ተከተለን። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቃቸውን አቆሙ። «ይቺ የየትኛው ክፍል ሠራተኛ ናት?» ብለው ጥበቃውን ጠየቁት።

አባቴ ሰማ። ሶፋው ላይ ሳይቀመጥ ጎንበስ ብሎ ቦቲውን እንደገና ያወልቅ ጀመር። እጁን ብይዘው አስለቀቀኝ።

«ተይኝ ልጄ፣ እንጀራሽ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያም ጋቢውን ከትከሻው አወረደና፣ በጫፉ ወለሉ ላይ የታተመውን ጭቃ ይጠርግ ጀመር።