«ስንት ነው» የማይባልበት ምሽት

ሰውየው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። የሠፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም፤ «ውሃልክ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሰው ቤት ሲጋበዝ ከመቀመጡ በፊት ወለሉን በተረከዙ ኳ ኳ ያደርግና «ይቺ ከሥር ባዶ ናት» ይላል። ሻይ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያየው ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ ወደየት እንዳዘነበለ ነው። የራሱ ቤት ጠረጴዛ አራት እግር ሥር አራት ዓይነት የታጠፈ ካርቶን አለ። ለመጥረግ ብሎ አንዷን ያነሳ ሰው ንዝንዙን ሲጠጣ ያመሻል።

ሥራውን ግን ያውቃል። አንድ ቤት ሲይዝ አስቀድሞ ቦታው ድረስ ሄዶ ራሱ ይለካል፤ ባለቤቱ የሚነግረውን ልክ አያምንም። ከዚያ ከሚገዛው ሴራሚክ አንድ ናሙና ወስዶ ይፈትሻል፤ ውሃ ያፈስበታል፣ በቁልፍ ይጭረዋል፣ ይቆምበታል። መጨረሻ ላይ በሒሳቡ ላይ ለስባሪ ይጨምራል፣ ከአሥር አንድ። ሴራሚክ መሰባበሩ አይቀርም፤ ሲጫን ይሰበራል፣ ሲወርድ ይሰበራል፣ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ በቆመበትም ይሰበራል። ስባሪ ያልያዘ ሠራተኛ መጨረሻ ላይ በሩ ሥር አንዲት ጎዶሎ ትቀረውና ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተት ይውላል። ያን ጊዜ ደግሞ ያ ቀለም አልቋል።

ይህ ሁሉ ለወለል ጥሩ ነው። ችግሩ ሰውየው ዓለምን በሙሉ እንደ ወለል ማየቱ ነው።

ሚስቱ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ማን እንደተኛበት የማታውቀውን አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። በዓመት አንዴ የምትጠይቀው ነገር ቢኖር፣ ከሥራ ስትመለስ በአውቶቡስ መስኮት የምታየውን የገና ገበያ ገብታ ማየት ነው። አደባባዩ ላይ የእንጨት ሱቆች ይደረደራሉ፣ መብራት ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዘረጋል፣ የቀረፋ ሽታ አውቶቡሱ ውስጥ ድረስ ይገባል።

አምና ሄደው ነበር። ውሃልክ ከመግቢያው እስከ መውጫው «ስንት ነው?» እያለ ሄደ። ሻማው ስንት ነው? ጓንቱስ? ይሄ ኮከብ ስንት ነው? አይገዛም፤ መጠየቅ ብቻ። ትንሿ ልጃቸው እጁን ይዛ ስትሰማ ስትሰማ ቆየችና፣ መዘምራኑ ዘምረው ሲያበቁ ከፊት የቆመችውን ሴትዮ ቀሚስ ጎተት አድርጋ «ስንት ነው?» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቷ ግን አልሳቀችም።

ዘንድሮ ገበያው ሊከፈት ሲል ሚስት እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ስማኝ የልጄ አባት። ዘንድሮም የገና ገበያ እንሄዳለን።»

«ምን ችግር አለ።»

«ግን ከገባን እስክንወጣ ከአፍህ ‹ስንት ነው› የምትል ነገር እንዳትወጣ።»

«ዋጋ ሳላውቅ እንዴት ነው የምከፍለው?»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። አንዴ ካልክ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ። ከርሞ ደግሞ የምሄደው ከእህቴ ጋር ነው፤ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ የጠረጴዛ እግር ትለካለህ።»

ልጅቷ ከወዲያ «እኔ ግን ማለት እችላለሁ?» አለች።

«አንቺም አትችይም።»

ውሃልክ መብላቱን ቀጠለ። የከነከነው የእህቷ ነገር ነበር። አምና፣ ያን ሁሉ እያሳፈራትም ቢሆን፣ ሰው ሲበዛ ሚስቱ ክንዱን ይዛ ነበር የሄደችው። ዓመቱን ሙሉ ክንዱን አትይዝም፤ ጊዜም የላት፣ ሁለቱም ከሥራ የሚመለሱት እግራቸውን እየጎተቱ ነው። ያቺን በዓመት አንዴ የምትያዝ ክንድ ለእህቷ አሳልፎ ሊሰጥ ነው እንግዲህ።

በማግሥቱ ሥራ ቦታ ላይ፣ አብሮት የሚሠራውን ለሳኝ አማከረው። ለሳኙ መሰላል ላይ ሆኖ ግድግዳ ያለሰልሳል።

«ለገና ገበያ ስንት ይያዛል?»

«ስንት አለህ?»

«እሱን መቼ ጠየቅኩህ።»

«መልሱ እሱ ነዋ። ያለህን ይወስዳል። የሚተርፍህ የአውቶቡስ ነው፣ እሱንም ካልሲህ ውስጥ ከደበቅከው።»

«እኔ በግምት አልሠራም፣ ታውቀኛለህ።»

«እንግዲያው እንደ ወለል ለካዋ!» አለ ለሳኙ እየሳቀ።

ቀልዱን ነበር። ውሃልክ ግን መዶሻውን አስቀምጦ አሰበበት። እውነቱን ነው፤ ቀድሞ ያልተለካ ነገር ነው ሰውን የሚያስጠይቀው። አስቀድሞ ሁሉን ያወቀ ሰው ምን አፉን ያስከፍተዋል?

ስለዚህ ቤተሰቡ ሊሄድ በታሰበበት ዋዜማ፣ ከሥራ እንደወጣ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ፣ ሲሚንቶ የጠጣ ሱሪውን እንደለበሰ ገበያው ገባ። ለሚስቱ «ፉጋው አልደረቀም፣ አመሻለሁ» ብሏታል፤ በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላውን ማለቱ ነው። ከአንድ ጫፍ ጀመረ። የዓመት «ስንት ነው» አፉ ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሮ ዘረገፈው። ሻጮቹ መጀመሪያ ገዢ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ተቆጣጣሪ መሰላቸውና ዕቃቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ዋጋ መጠየቁ ብቻ ግን አልበቃውም። ናሙና ያልተወሰደበት ነገር ምኑ ይታመናል? በስኳር የተቆላ ለውዝ አንድ ጥቅል ገዝቶ በላ፤ ጥቅሉ ከላይ ሰፊ ከታች ሾጣጣ ስለሆነ ለሦስት ሰው አንድ እንደማይበቃ ተረዳ። ቋሊማ በዳቦ በላ፤ ልጅ ግማሹን እንደምትተው መዘገበ። ትኩስ የፖም ጭማቂ አዘዘ። ዋጋው ከበድ አለበት። ግን ጭማቂው የመጣበት ኩባያ ወፍራም ሸክላ ነበር፤ በጥፍሩ ቢመታው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ልባሱም አንድ ጭረት የለበትም። «አሃ፣ ከነኩባያው ነው የሚሸጡት» አለና ጠጥቶ ሲጨርስ ኩባያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ከተተው። ከሱቁ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ተጽፎ ነበር። ውሃልክ ዋጋው ያለበትን የላይኛውን አነበበ፤ የታችኛው ምስጋና መስሎት ተወው።

የመጨረሻው የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት መጫወቻ ነው። ዋጋውን ጠየቀ፤ ተነገረው። አንድ ጊዜ ሲወጡበት ምን ያህል ይቆያል? መጫወቻውን የሚያዞረው ሰው ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ደስ እስኪላቸው ነው፣ ጋሼ።» ይሄ መልስ ለሴራሚክ አንጣፊ መልስ አይደለም። ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ልጅቷ ሁለተኛ ትላለች፤ ሁለተኛ ካለች ሒሳቡ ተበላሸ። ስለዚህ ከፈለና፣ በዚያ ሁሉ ሕፃን መካከል፣ ከነቦርሳው ነጯ ፈረስ ላይ ወጣ። ጉልበቱ አገጩ ሥር ሆነ። በከንፈሩ እየቆጠረ ዞረ። እናቶች ልጆቻቸውን ጠጋ ጠጋ አደረጉ።

ቤት ሲገባ ሒሳቡን በጭንቅላቱ ጨርሷል። የአውቶቡስ ደርሶ መልስ። የሽንት ቤት ሳንቲም፤ ልጅ ይዞ ወጥቶ እሷን የረሳ አባት ወየውለት። የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የልጅቷ ፈረስ፣ ለሚስቱ አንድ ስጦታ። በዚህ ላይ ስባሪ። አንዲት ነገር ብቻ ቅር አሰኘችው፦ ናሙናው ሁሉ የተገዛው ከስባሪው ላይ ነበርና ስባሪው ተበልቷል፤ ያውም በጥሬ ትርጉሙ። «ይሁን፤ የተለካ ነገር ላይ ምን ይሰበራል» ብሎ ተኛ።

በማግሥቱ ምሽት ሦስቱም ለባብሰው ወጡ። ውሃልክ ገንዘቡን በየኪሱ መድቧል። ቀኝ ኪስ ለሆድ፣ ግራ ኪስ ለጨዋታ፣ የደረት ኪስ ለስጦታ። የኋላ ኪሱ የስባሪ ነበረች፤ ባዶዋን ነው የመጣችው።

ለውዝ ሻጩ ጋ ደረሱ። ውሃልክ ሁለት ጣቱን አሳየ፣ የተዘጋጀውን ገንዘብ ሰጠ፣ ሁለት ጥቅል ተቀበለ። አንድም ቃል አልወጣውም። ሚስት ቀና ብላ አየችው። ቋሊማውም ጋ እንደዚያው። ጭማቂዋን የምትሸጠው ሴትዮ ጋ ሦስት ኩባያ አዘዘ፣ ልክ የሆነውን ቆጥሮ አስቀመጠ። ጠጥተው ሲጨርሱ ኩባያዎቹን ሰብስቦ በያዘው ፌስታል ከተተ፤ ቤት ካለችው ጋር አራት ይሆናሉ።

«ደህና ነህ?» አለችው ሚስት።

«ምን ሆንኩ?»

«ምንም። ደስ ትላለህ ዛሬ።» ይህን ብላ ክንዱን ያዘች።

ውሃልክ ከዚያ በኋላ መሬቱን የረገጠው ተረከዙን ሳያስጮህ ነው።

ጓንት ሻጩ ጋ ግን ሊጠለፍ ነበር። ሚስቱ በካውያ እንፋሎት የደረቀ እጇን አንድ ለስላሳ ጓንት ውስጥ አስገብታ አየች፤ ትናንት ያልነበረ ዓይነት ነው። ናሙና የለም፣ ልክ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና «ስን…» ብሎ ጀምሮ በሳል ጨረሰው።

«ጉንፋን ያዘህ እንዴ?»

«አቧራ ነው፣ የሥራ» አለና የደረት ኪሱን ገንዘብ በሙሉ ሻጩ ፊት ዘርግቶ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ሻጩ የራሱን ወስዶ የቀረውን መለሰለት። ሰው ታማኝ ሲሆን እንዲህ ነው።

የቀረው ፈረሱ ነበር። ልጅቷን አውጥቶ ሊያስቀምጣት ሲጠጋ፣ መጫወቻውን የሚያዞረው ሰው ከሩቅ ለየውና ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ መጡ? ዛሬም ነጯን ነው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። «አባዬ፣ ፈረስ ጋልበሃል?»

ሚስት ክንዱን ለቀቀች። «መቼ ነው የጋለብከው?»

«ትናንት» አለ ውሃልክ።

«ፉጋው አልደረቀም አላልከኝም?»

«ፉጋውም አልደረቀም ነበር።»

«ሁሉንም ዞረህ ጠይቀሃላ።»

«ትናንት ነው የጠየቅኩት። አንቺ በሌለሽበት። ዛሬ አንዲት ቃል ወጥቶኛል?»

«ፈረሱንስ ምን አስወጣህ?»

«ምን ያህል እንደሚቆይ ካላወቅኩ…»

«በምን ሱሪ?»

«በሥራ ሱሪ።»

«የጋሼ እግር ወለሉን ይነካ ነበር» አለ መጫወቻውን የሚያዞረው ሰው ሊያግዘው ፈልጎ። «አያያዛቸው ግን ጥሩ ነው። ከነቦርሳቸው ነው የጋለቡት።»

ሚስት ልጇን እጇን ያዘች። ውሃልክ በቃ፣ ሄደች ብሎ መሬት መሬት አየ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መሰለው። ኋላ ግን ድምፁ መጣ፤ ከሆዷ የተነሳ ሳቅ ነው፣ አምና መዘምራኑ ፊት የቀረው ሳቅ ጭምር ነው የወጣው። የፈረሱን አጥር ይዛ ሳቀች።

«በል» አለችው ዓይኗን እየጠረገች፣ «እኔም ላየው ነው። ሦስታችንም እንወጣለን።»

እዚህ ላይ ሒሳቡ ተሰበረ። ግራ ኪሱ ውስጥ ያለው የአንዲት ልጅ ፈረስ ነው። የደረት ኪሱ ጓንት ሆኗል፤ የተመለሰለት የአዋቂ አንድ እግር አያስቀምጥም። የኋላ ኪሱን ዳበሰ፤ አንድ የተጨማደደ የሲሚንቶ ደረሰኝ። «አይበቃም» ቢል ከ«ስንት ነው» የባሰ ነው። በሙያ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ስባሪ ሳይዝ ሥራ ላይ ተገኘ፤ ያውም በዚህ ሥራ።

ከማዶ ጭማቂ ሻጯ እጇን አውለበለበች።

«ጋሼ! ኩባያዎቹን ይዘው ሊሄዱ ነው? ማስያዣዎን አይፈልጉም?»

«የምን ማስያዣ?»

«የኩባያው ነዋ። ኩባያውን ሲመልሱ ገንዘብዎ ይመለሳል። ተጽፏል እኮ።» ወደ ታችኛው መስመር ጠቆመች። «የትናንቷም እርስዎ ጋ ናት፤ ሳጥብ አንዲት ጎደለችብኝ።»

ውሃልክ የታችኛውን መስመር አነበበ፤ ምስጋና አልነበረም። ፌስታሉን ከፍቶ ሦስቱን ኩባያ አንድ በአንድ መለሰ። የተቀበለውን ሳይቆጥር ጨበጠ፤ መዳፉ ክብደቱን ያውቃል። ለሁለት አዋቂ ይበቃል።

«የትናንቷን ነገ አመጣለሁ» አላት። «አልተሰበረችም።»

ሚስት ነጯ ፈረስ ላይ ወጣች፣ አዲሱን ጓንት አጥልቃ። ልጅቷ ከፊት፣ ውሃልክ ከጎን፣ ጉልበቱ አገጩ ሥር። መጫወቻው ተነሳ። ገና በመጀመሪያው ዙር ወለሉ በግራ በኩል ዝቅ እንደሚል ተሰማው፤ አንዲት ካርቶን ትበቃዋለች። ትናንት በቁጥር ተይዞ ሳያስተውላት ቀርቷል። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው።

«ይሄ ነገር ስንት ዙር ነው የሚዞረው?» አለችው ሚስት በሙዚቃው ላይ ጮክ ብላ።

ውሃልክ ትናንት ዙሩንም ጊዜውንም ቆጥሮ ጨርሷል።

«አልቆጠርኩም» አላት።

«ውሸታም» አለችው፤ እጇን ዘርግታም ክንዱን ያዘች።