በቀኝና በግራ የተሰላው ግድብ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር የምህንድስና አስተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ትልቁ የስሌት ማሽን የሚገኘው አዲስ አበባ ነበር። ጥያቄያችን የተበሳባቸውን ካርዶች በካርቶን አሽገን በአውቶቡስ እንልካለን፤ መልሱ ደስ ባለው ጊዜ ይመጣል። በዚያ ዓመት ለመራዊ ገበሬዎች ትንሽ የመስኖ ግድብ ነድፌ ነበር። በግድቡ ሥር የሚሰርገው ውሃ ግርጌውን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ካልታወቀ ቁፋሮ አይፈቀድም፤ ክረምቱ ከቀደመን ደግሞ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ሊከርም ነው። ካርዶቹን ልኬ ማሽኑ ረጅም ወረፋ እንዳለበት ሲነገረኝ ንዴቴን አልቻልሁትም። ኃላፊያችን ፊት ቆሜ፣ ማሽኑን እኔው እዚሁ እሠራዋለሁ አልሁ። አፌ ሁልጊዜም ይቀድመኛል።

ማሽን ያልሁት ተማሪዎቼን ነው። በአዳራሹ በረድፍ በረድፍ አስቀመጥኋቸው፤ እያንዳንዱ ከግድቡ በታች ያለች አንዲት ነጥብ ሆነ። ሥራው ቀላል ነው። የአራቱን ጎረቤቶችህን ቁጥር ደምረህ ለአራት ታካፍላለህ፤ ውጤቱን በወረቀት ጽፈህ ከፍ ታደርጋለህ። ዳር ያሉት ብቻ የታወቀውን ቁጥር እንደያዙ ይቆያሉ፤ ሌላው ከግምት ይነሣል። ይህ ተደጋግሞ ቁጥሮቹ መለዋወጣቸውን ሲተዉ የውሃው ግፊት ተገኘ ማለት ነው።

ጀምሩ አልሁ። ማንም አልጀመረም። የጨዋ ልጆች ናቸውና አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም» ይላል አንዱ።

«አይሆንም፣ አንተ ቅደም።»

መካከል ላይ ደግሞ ከሥራ ተመልሰው የሚማሩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ጎልማሳ ተቀምጠዋል። እሳቸው ወረቀታቸውን ሳያነሡ ማን ደፍሮ ያነሣል? እሳቸውስ የልጆቹን ሳያዩ እንዴት ያስሉ? ቀኑ በግብዣ አለቀ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ማግስቱ በዓል ስለነበር አባቴ መሪጌታ ወደሆኑበት የሐይቅ ዳር ደብር ሄድሁ። ካህናቱ ለማኅሌት መቋሚያቸውን ይዘው በቀኝና በግራ ተሰልፈዋል፤ ቀኙ ዜማውን ሲያነሣ ግራው ያዳምጣል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል። ተራው የታወቀ ስለሆነ ማንም ማንንም ቅደም አይልም። እዚያው ቆሜ ሳቅሁ፤ አባቴ በዓይናቸው ገሠጹኝ።

ስመለስ ተማሪዎቼን እንደ ዳማ ሰሌዳ ቀኝና ግራ ብዬ ከፈልኋቸው፤ የቀኙ ጎረቤቶች ሁሉ ግራ፣ የግራው ጎረቤቶች ሁሉ ቀኝ ሆኑ። ረጅሙን የእንጨት ማስመሪያ እንደ መቋሚያ ይዤ ጠረጴዛውን ስመታ ቀኝ ወረቀቱን ያነሣል፣ ግራ ያሰላል፤ ደግሜ ስመታ ግራ ያነሣል። አዳራሹ ሞቀ። የግቢያችን ካድሬ በመስኮት ብቅ ብሎ ምን እንደምንሠራ ሲጠይቅ የጋራ ሥራ ነው አልሁት፤ ደስ ብሎት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቹ ረጉ። ጎልማሳው ተነሥተው አጨበጨቡ፤ እኔ ከደስታ ብዛት ማስመሪያውን ሰበርሁት። ቁፋሮውም ተፈቀደ።

ክረምቱ አልፎ ግድቡ ሲሞላ አባቴን ይዤ መራዊ ወረድሁ። ገበሬዎቹ ሽንኩርት ያጠጣሉ። አባቴ ጎንበስ ብለው የግድቡን ግርጌ ዳሰሱ፤ ደረቅ ነበር። የአዲስ አበባው መልስ ዘግይቶ መምጣቱን፣ ከእኛም ጋር መግጠሙን ነገርኋቸው። ያንን ያሰላው ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቁኝ። ማሽኑ ብቻውን ነው፣ አንዷን ነጥብ ከሌላዋ በኋላ እያሰላ፣ አልኋቸው።

«ብቻውን?» አሉ አባቴ፣ ከልባቸው አዝነው። «ተቀባይ የለውም እንዴ፣ ልጄ?»

ዛሬ ታላላቆቹ የስሌት ማሽኖች ብዙ ሆነው፣ እየተቀባበሉ እንደሚሠሩ እሰማለሁ። ተቀባይ ማግኘቱን ብነግራቸው አባቴ እንዴት ደስ ባላቸው ነበር።